ፓወር ላይ ተማሪ የሚስተው የት የት ነው? የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን ብቅ በሉ

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የወሎ ሒሳብ መምህራንና አስጠኚዎች፣ ኤክስፖነንት ላይ የሚመላለሱትን ስህተቶች እስኪ አንድ ቦታ እንሰብስባቸው። "የዘንድሮ ተማሪ አይሠራም" የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ስህተቶቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም። የአንድ ክፍል ወረቀት ሰብስባችሁ ብትደረድሩ ያው ጥቂት ዓይነት ስህተት ነው ተመላልሶ የሚመጣው፤ እያንዳንዱም የራሱ መነሻ አለው። መነሻው ካልታወቀ "ተጠንቀቁ፣ ተጠንቀቁ" እያልን ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስለ አጻጻፉ፦ ትንሿን ቁጥር ከፍ አድርጎ መጻፍ ስልኩ ያልፈቀደለት ይቺን ^ ይጠቀም። 3^4 ማለት 3⁴ ነው። ለፊደሎቹ ሀ፣ ለ እያልን እንሂድ። ከታች ያለውን ትልቁን ቁጥር ቤዝ፣ ከላይ ያለችውን ትንሿን ኤክስፖነንት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ፓወር እላለሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደምንለው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፦ 5³ = 15። ተማሪው ማባዛትን የተማረው "ተደጋጋሚ መደመር" ተብሎ ነው፤ አሁን ደግሞ "5ን 3 ጊዜ ማባዛት" ስንለው የሚሰማው 5 × 3 ነው። የማባዛት ምልክቱን ብትቆጥሩትም 5 × 5 × 5 ውስጥ ያለው ሁለት እንጂ ሦስት አይደለም። ስለዚህ "ሦስት አምስቶች ተደርድረው ይባዛሉ" በሉት፤ ኤክስፖነንቷ የምትቆጥረው አምስቶቹን ነው። ደብተሩ ላይም መልሱን ከመጻፉ በፊት 5 × 5 × 5 ብሎ ይዘርዝር። ያልዘረዘረ ማርክ የለውም።

ሁለተኛው ነገር የምሳሌ ምርጫ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንዝረከረካለን። የመጀመሪያ ምሳሌያችሁ 2² እንዳይሆን። 2 + 2 አራት ነው፣ 2 × 2 አራት ነው፣ 2² አራት ነው። የገባውም ያልገባውም እኩል ልክ ይሆናል። 2⁴ም አይሆንም፤ ቤዝና ኤክስፖነንት ያቀያየረው ልጅ 4² ብሎ 16 ያገኛልና አይታወቅበትም። 5³ ወይም 4³ ስጡ። 4³ ላይ 64 ያለው ገብቶታል፣ 12 ያለው 4 × 3 አድርጓል፣ 81 ያለው ገልብጦ 3⁴ን ሠርቷል። ጥያቄ እንዲህ ሲሆን መልሱን አይታችሁ ብቻ ልጁ ምን እንዳሰበ ታውቃላችሁ።

ቀጥሉ እንግዲህ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ጥሩ ከፍተኸዋል። በዚሁ መንገድ የማባዛቱን ሕግ ልጨምር።

3² × 3⁴ ስጡና "በቁጥር አታውጡት፣ በፓወር ተዉት" በሉ። የሚመጡት መልሶች እነዚህ ናቸው፦

3⁶ – ልክ።
3⁸ – ኤክስፖነንቶቹን አባዝቷል። (3²)⁴ን ከዚህ ጋር ቀላቅሎታል።
9⁶ – ቤዞቹንም አባዝቷል። ይኼ በጣም የሚበዛው ነው። "ማባዛት" የሚል ምልክት ስላየ ያየውን ሁሉ አባዛ።
9⁸ – ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጓል።

9⁶ ላለው ልጅ ሕጉን ደግማችሁ ብትነግሩት አይጠቅመውም፤ ሕጉንማ በቃሉ ይለዋል። (3 × 3) × (3 × 3 × 3 × 3) ብሎ ይጻፍና ሦስቶቹን በእርሳስ እየነካ ይቁጠር። ስድስት ሦስቶች። ዘጠኝ የሚባል ቁጥር እዚያ ውስጥ አንድም የለም።

ማካፈል ላይ ደግሞ ብዙ ቦታ የምትታይ ምሳሌ አለች፦ 6⁴ ÷ 6²። ይቺን ከወርክሺታችሁ ላይ ሰርዟት። 4 − 2 ሁለት ነው፣ 4 ÷ 2ም ሁለት ነው። ኤክስፖነንቶቹን ያካፈለውም የቀነሰውም 6² ያገኛል። 6⁸ ÷ 6² አድርጓት፤ አንዱ 6⁶ ሌላው 6⁴ ይላል፣ ተለየ። 1⁶ የሚል መልስ ከመጣ ልጁ 6ን በ6 አካፍሎ 1 ብሏል ማለት ነው፤ ይኼ የ9⁶ ወንድም ነው፣ መድኃኒቱም ያው ነው፤ ላዕልና ታህት አድርጎ ይዘርዝርና አንዱን ስድስት ባንዱ ያጣፋ።

ሌላ፣ ቤዙ ሲለያይ። 2³ × 3² = 6⁵ የሚል አይጠፋም። 8 × 9 = 72 ነው፤ 6⁵ ግን 7,776 ነው። ኤክስፖነንቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ብቻ ቤዞቹ ይባዛሉ፣ 2³ × 5³ = 10³። ቤዙም ኤክስፖነንቱም ከተለያየ ምንም ሕግ የለም፤ አውጥቶ ማባዛት ነው። "እዚህ ላይ ሕግ አይሠራም" የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ መስጠት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ተማሪው ያየውን ሁሉ ማዋሃድ ግዴታ ይመስለዋል።

ወልዲያ_ሒሳብ

ኔጌቲቩን እኔ ልያዘው።

−3² እና (−3)² ለተማሪ አንድ ነው። የመጀመሪያው −9 ነው፣ ሁለተኛው 9። መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ትንሿ 2 የነካችው ማንን ነው? ኤክስፖነንት የምትነካው ከግራዋ የተጠጋትን ብቻ ነው። −3² ላይ የተጠጋት 3 ነው፣ መቀነሱ ውጭ ቀርቷል። (−3)² ላይ የተጠጋት ቅንፉ ነው፣ ቅንፉ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ከ2ቷ ወደ ግራ ቀስት አድርጉና የተነካውን ክበቡት። −3² = −1 × 3² ብሎ መጻፍም ይረዳል፤ ፓወር ከማባዛት ይቀድማል ከሚለው የአሠራር ቅደም ተከተል ጋር ስለሚገናኝ።

እዚህ ላይ 3 ኤክስፖነንት አትስጡ። (−3)³ም −3³ም −27 ናቸው፤ ጎዶሎ ኤክስፖነንት ስህተቱን ይደብቀዋል። ሙሉ (ለ2 የሚካፈል) ኤክስፖነንት ስጡ።

ከፍ ሲል ይኼው ስህተት ተደብቆ የሚመጣው በመተካት ላይ ነው። ሀ = −3 ቢሆን፣ ሀ² − 2ሀ ስንት ነው? ቅንፍ ሳያደርግ የተካ ልጅ −3² − 2 × −3 ይልና −9 + 6 = −3 ያገኛል። ትክክሉ (−3)² − 2(−3) = 9 + 6 = 15 ነው። ደንቡ፦ መጀመሪያ ፊደሉ ያለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ቅንፍ ይጻፍ፣ ( )² − 2( )። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይግባ። በአንድ ሳምንት ልማድ ይሆናል።

ኮምፒውተር ላብ ያላችሁ ደግሞ ይኼን እወቁ፦ ኤክሴል ላይ =-3^2 ብትጽፉ 9 ይሰጣችኋል። =0-3^2 ብትሉት −9። ኤክሴል መጀመሪያ ላይ ያለውን መቀነስ ከፓወር አስቀድሞ ነው የሚያየው። አብዛኞቹ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች ግን እንደ ሒሳቡ −9 ይላሉ። ተማሪ ኤክሴል ላይ አይቶ "መምህር ተሳስተዋል" ቢላችሁ አትደናገጡ።

እናት_ከከሚሴ

መምህራን አላህ ይስጣችሁ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። "7 ፓወር ዜሮ 1 ነው" ተብሎ ተጽፎለታል፤ "ምንም ሰባት ከሌለ ዜሮ መሆን የለበትም ወይ?" ይለኛል። ምን ልበለው?

የሐይቅ_ዳር

እህቴ፣ አብሽሪ፣ የልጅሽ ጥያቄ የአዋቂ ጥያቄ ነው። ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፍ፦

7³ = 343
7² = 49
7¹ = 7
7⁰ = ?

አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ምን እየሆነ እንደሄደ ጠይቂው። 343 በ7 ሲካፈል 49፣ 49 በ7 ሲካፈል 7። 7 በ7 ሲካፈልስ? 1። ዜሮ ቢሆን ኖሮ ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር። "ሰባት ከሌለ" ላለው ደግሞ፣ ማባዛት የሚነሳው ከ1 ነው እንጂ ከ0 አይደለም፦ 7² = 1 × 7 × 7፣ 7¹ = 1 × 7፣ 7⁰ = 1። ሰባቶቹ ሲያልቁ የቀረው 1 ነው።

እዚያው አታቁሙት፣ ወደ ታች ይቀጥል። 7⁻¹ = 1/7፣ 7⁻² = 1/49። ልጁ ኔጌቲቭ ኤክስፖነንትን ማንም ሳይነግረው አገኘው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሕጉን ቢጽፍለት ያወቀውን ነው የሚያጸድቅለት።

ለመምህራኑ፦ 2⁻³ ላይ የሚመጡት መልሶች −8፣ −6 እና 1/8 ናቸው። −8 ያለው መቀነሷን ከላይ አውርዶ ከፊት ለፊት ለጥፏታል፤ −6 ያለው ከነጭራሹ 2 × (−3) ሠርቷል። የመጀመሪያው ጥቂት ማስተካከያ ይበቃዋል፣ ሁለተኛው ወደ 5³ ይመለስ። ኔጌቲቭ ኤክስፖነንት ቁጥሩን ኔጌቲቭ አያደርገውም፤ ከላዕል ወደ ታህት፣ ከታህት ወደ ላዕል ነው የሚያዛውረው።

የሚያዛውረውም የነካውን ብቻ ነው፣ የወልዲያው መምህር እንዳሉት። 3ሀ⁻² ማለት 3/ሀ² ነው እንጂ 1/(3ሀ²) አይደለም፤ 3ቷን ማንም አልነካትም። በቁጥር ይፈተሽ፣ ሀ = 5 ብንል አንዱ 3/25 ሌላው 1/75 ነው። (2/3)⁻² ግን ቅንፍ ስላለው ሙሉው ይገለበጣል፦ (3/2)² = 9/4።

0⁰ን የሚያነሳ ጎበዝ አይጠፋም። በዚህ ክፍል ደረጃ ሀ⁰ = 1 ከሚለው አጠገብ "ሀ ከ0 የተለየ ሲሆን" የሚል ይጻፍ። ከላይ ያለው ሰንሰለት በ0 ማካፈልን ስለሚጠይቅ ለ0 አይሠራም፤ ይኼን ያህል መልስ ይበቃዋል።

እናት_ከከሚሴ

ጀዛከላህ። 7⁻³ንም ራሱ ጻፈው፣ 1/343 አለኝ።

የሐይቅ_ዳር

ልክ ነው። አሁን በ5 ደግሞ ይሥራው፣ ከ5³ እስከ 5⁻³።

ላስታ

አንድ ነገር ልቃወም። መዘርዘር፣ መዘርዘር እያላችሁ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ 3⁵⁰ ÷ 3⁴⁷ ሲመጣበት ሃምሳ ሦስቶች ሊደረድር ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ጊዜ የለም። መዘርዘርን ልማድ ያደረገ ተማሪ ሕጉን አምኖ ለመጠቀም ይፈራል። በእኔ አስተያየት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይዘርዝሩ፣ ከዚያ በኋላ ሕጉን ይጠቀሙ፤ ሲጠራጠሩ ብቻ በትናንሽ ቁጥር ይሞክሩት። 3⁵⁰ ÷ 3⁴⁷ን የተጠራጠረ 3⁵ ÷ 3²ን ይዘርዝር።

ሌላው፣ እስካሁን ማንም ያላነሳው ትልቁ ጣጣ መደመር ነው። የፓወር ሕጎች በሙሉ ስለ ማባዛትና ማካፈል ናቸው። ለመደመር የተጻፈ አንድም ሕግ የለም። ተማሪው ግን ሳይጠየቅ ይፈጥርለታል፦

(ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ይላል። (3 + 4)² = 49 ነው፣ 9 + 16 ግን 25። አንድ ጎኑ 3 + 4 የሆነ ካሬ ይሣል፣ መስመሮቹ ይሰመሩ፤ አራት ክፍል ይወጣል፣ 9፣ 12፣ 12፣ 16። ተማሪው የረሳቸው ሁለቱ 12ቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ይኼን ሥዕል ያላየ ልጅ "መካከለኛውን ተርም አትርሳ" ቢባል ምን እንደሚረሳ አያውቅም።

√(9 + 16) = 3 + 4 የሚለውም ይኼው ነው፣ በሌላ ልብስ። √25 = 5 ነው።

ሀ⁻¹ + ለ⁻¹ = (ሀ + ለ)⁻¹ም እንዲሁ። 1/2 + 1/3 = 5/6፤ 1/5 አይደለም።

እና 3⁴ + 3⁴ + 3⁴። 3¹² የሚል ይበዛል፣ 9⁴ የሚልም አለ። "ሦስት 3⁴ዎች አሉህ" በሉት፦ 3 × 3⁴ = 3⁵። ይኼን የገባው ልጅ 10ኛ ክፍል ላይ 2^(ሀ+1) + 2^ሀ = 48 ሲመጣበት 2^(ሀ+1)ን 2 × 2^ሀ ብሎ ይፈታዋል፤ 3 × 2^ሀ = 48፣ 2^ሀ = 16፣ ሀ = 4። ያልገባው ኤክስፖነንቶቹን ይደምርና 2^(2ሀ+1) = 48 ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ላስታ፣ በ3⁵⁰ው እስማማለሁ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜው ግን አልስማማም። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉም በሁለት ክፍለ ጊዜ አይደርስም። መዘርዘሩን የሚተው ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን፣ ሕጉን በራሱ ቁጥር መርምሮ ሲያሳይ ነው። የመደመሩን ግን ከዚህ በላይ ማለት አይቻልም። ሰሌዳው ጥግ ላይ "በመደመር ላይ ሕግ የለም" ተብሎ ምዕራፉ እስኪያልቅ ይቀመጥ።

ቆቦ_ሜዳ

ሳይንቲፊክ ኖቴሽን (በጣም ትልቅ ወይም በጣም ትንሽ ቁጥርን በ10 ፓወር መጻፍ) ስታስተምሩ የፀሐይንና የምድርን ርቀት ብቻ ከምትሰጡ ጤፍ ስጡ። ልጁ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መልሱ ሲያብድ ያየዋል።

አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንዷ ፍሬ 0.0003 ግራም፣ ማለትም 3 × 10⁻⁴ ግራም ናት። ኩንታል 100 ኪሎ፣ ኪሎው 1,000 ግራም፤ 10² × 10³ = 10⁵ ግራም። በኩንታል ውስጥ ስንት ፍሬ አለ?

10⁵ ÷ (3 × 10⁻⁴)

አንደኛው ስህተት እዚህ ነው፦ 5 − 4 = 1 ይልና 10¹ ያገኛል። ከዚያ 10 ሲካፈል ለ3፣ 3.3። በኩንታል ጤፍ ውስጥ ሦስት ፍሬ! ራሱ ይስቅና ይመለስበታል። 5 − (−4) = 9 ነው፣ ቅንፉን ስላልጻፈ ነው የጠፋው። መቀነስ አጠገብ ኔጌቲቭ ኤክስፖነንት ሲመጣ ቅንፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መጨረሻው ላይ ነው። 1/3 × 10⁹ ማለት 0.333 × 10⁹ ነው፤ ይኼ ገና በደንቡ አልተጻፈም፣ ፊት ያለው ቁጥር ከ1 ጀምሮ ከ10 በታች መሆን አለበት። ነጥቧን ወደ ቀኝ አንድ ስናስኬድ ፊት ያለው ቁጥር በ10 አደገ፤ ስለዚህ ኤክስፖነንቱ በ1 ይቀንሳል፦ 3.33 × 10⁸። "ወደ ቀኝ ሲሆን ቀንስ፣ ወደ ግራ ሲሆን ጨምር" ብሎ የሸመደደ ልጅ ፈተና ላይ ይገለበጥበታልና 10¹⁰ ይጽፋል። "ፊቱ ካደገ ኋላው ይነስ፣ ዋጋው እንዳይለወጥ" ብሎ የያዘ ግን አይስትም። ወደ 333 ሚሊዮን ፍሬ መሆኑ ነው።

መደመሩም እዚህ ይመጣል፣ ላስታ እንዳለው። 3 × 10⁴ + 2 × 10³ን 5 × 10⁷ የሚል አለ። 30,000 + 2,000 ነው፤ 3.2 × 10⁴። መጀመሪያ ኤክስፖነንቶቹ አንድ ዓይነት ይደረጉ።

የሐይቅ_ዳር

ቆቦዬ ማሻአላህ። እኔም የሐይቃችንን ልጨምርበት። ሎጎ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካሬ ሜትር ስንት ነው? "1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው" ብሎ 23,000 ካሬ ሜትር የሚል ይበዛል። ሄክታር 10⁴ ካሬ ሜትር ነውና 23,000 ማለት 2.3 ሄክታር መሆኑ ነው፤ ሐይቁን አንድ ገበሬ ያርሰዋል ማለት ነው። ካሬው ኪሎውንም ይነካል፦ (10³)² = 10⁶፤ 23 × 10⁶ = 2.3 × 10⁷ ካሬ ሜትር፣ 2,300 ሄክታር። ኪዩቢክ ሲሆን ደግሞ (10³)³ = 10⁹። ፊዚክስ መምህራን ይኼን ካስተማርንላቸው ምሳ ይጋብዙናል።

ደላንታ

የ9ኛ ክፍል ክፍልፋይ ኤክስፖነንት ቀርቷችኋል።

16^(1/2) = 8። ተማሪው 1/2ን ግማሽ ብሎ አነበበ። የሚያድነው ራሱ የማባዛት ሕጉ ነው፦ 16^(1/2) × 16^(1/2) = 16^(1/2 + 1/2) = 16። በራሱ ተባዝቶ 16 የሚሰጥ ማን ነው? 8 × 8 = 64፣ አይደለም። 4 × 4፣ እሱ ነው። እንግዲህ 1/2 ስኩዌር ሩት የሆነው ደራሲው ስለፈለገ አይደለም፣ ሕጉ ሌላ ምርጫ ስላልሰጠ ነው።

እዚህ ላይ 4^(1/2) ምሳሌ አታድርጉ። የ4 ግማሽም 2፣ ስኩዌር ሩቱም 2። ያው የ2² በሽታ ነው።

8^(2/3) ላይ 16/3 የሚል ይመጣል፣ 8ን በ2/3 አባዝቶ። ታህቱ ሩት ነው፣ ላዕሉ ፓወር ነው። የ8 ሦስተኛ ሩት 2፣ ስኩዌሩ 4። የትኛው ይቅደም ለሚለው፣ ሁለቱም ያስኬዳል ግን ሩቱን አስቀድሙ። 16^(3/4)ን ፓወር ያስቀደመ 16³ = 4,096 ብሎ አራተኛ ሩት ፍለጋ ይወጣል፤ ሩት ያስቀደመ 2³ = 8 ብሎ ያርፋል።

ኔጌቲቭ ቤዝ ሲመጣ ተጠንቀቁ። (−8)^(1/3) = −2 ነው። 1/3 እና 2/6 አንድ ነው ብሎ (−8)^(2/6) ያለ ልጅ 64^(1/6) = 2 ያገኛል። አንዱ ቁጥር ሁለት መልስ ሰጠ። ክፍልፋይ ኤክስፖነንት ሲኖር ቤዙ ፖዘቲቭ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። √((−5)²)ም −5 ሳይሆን 5 ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ደላንታ ላይ ልቀጥል። 9^ሀ = 27 ስጧቸው፣ 3 የሚል ይበዛል፤ 27ን ለ9 አካፍሎ ነው። ከመሥራቱ በፊት ይገምት፦ 9¹ = 9፣ 9² = 81፣ 27 መካከል ላይ ነው፣ ስለዚህ መልሱ ከ1 በላይ ከ2 በታች ነው። 3 ከመነሻው ወደቀ። አሁን ቤዙን አንድ ያድርግ፦ 3^(2ሀ) = 3³፣ ሀ = 3/2።

ፓወር ላይ ፓወር ያለ ቅንፍ ሲመጣ ከላይ ይጀመራል። 2^3^2 = 2⁹ = 512። (2³)² ግን 64። ኤክሴል ይቺንም ከግራ ጀምሮ ይሠራትና 64 ይላል፤ ወልዲያ ላይ የተነሳው ጣጣ እዚህም አለ።

የዕድገት ጥያቄ ላይ ደግሞ (በዓመት 3 በመቶ፣ ለ20 ዓመት) 1.03²⁰ን 1.03 × 20 የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው 3 በመቶን በ20 አባዝቶ 60 በመቶ የሚለው ነው። የ2 ዓመት ጥያቄ ከሰጣችሁ አይታወቅበትም፦ 40,000 ሕዝብ በ3 በመቶ በ2 ዓመት 42,436 ይሆናል፣ የተሳሳተው ደግሞ 42,400፤ ልጁ "አጠጋግቼው ነው" ይላችኋል። 20 ዓመት ስጡት። 40,000 × 1.03²⁰ ወደ 72,244 ነው፤ የተሳሳተው 64,000 ላይ ቀርቷል። መጽሐፎቹ የባንክ ወለድ ያበዛሉ፤ ወለድ ላይ ጥያቄ መሥራት ደስ የማይላቸው ተማሪዎች በየክፍሉ ስላሉን በሕዝብ ቁጥር መቀየሩ ሒሳቡን አይነካውም።

ወልዲያ_ሒሳብ

አሁን ስለ አሰጣጡ። ሰባ ተማሪ እየዞሩ ደብተር ማየት አይቻልም። ሩብ ወረቀት አድሉ፣ ስድስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ 8 ደቂቃ ስጡ። ስም ይጻፍ፣ ማርክ አይያዝ፤ ማርክ ከያዛችሁ የምትሰበስቡት ኩረጃ ነው። ከዚያ አታርሙት፣ በመልሱ ዓይነት ደርድሩት። የ9⁶ ክምር፣ የ−8 ክምር። በማግስቱ ትልቁ ክምር ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል።

የተሳሳተ አሠራር ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ "ስህተቱ የት መስመር ላይ ነው?" ማለትም ይሠራል። ብቻ ✗ ምልክት አስቀድማችሁ ጻፉበት፣ ሲያልቅም አጥፉት፤ ዘግይቶ የገባ ልጅ ገልብጦት ይሄዳል።

ስድስቱ ጥያቄዎች፦
1. 4³
2. 5² × 5³ (በፓወር ይቅር)
3. −4²
4. 3⁻²
5. (2ሀ²)²
6. 3⁴ + 3⁴ + 3⁴ (በፓወር ይቅር)

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

አምስተኛዋን አያት። 2 × 2፣ 2 + 2፣ 2² ሁሉም 4 ስለሆኑ የገባውም ያልገባውም 4ሀ⁴ ይላል። ያቺ ክምር አትለይም።

ወልዲያ_ሒሳብ

5ኛዋ በ(3ሀ⁴)³ ትተካ። 27ሀ¹² ልክ ነው። 3ሀ¹² ያለው ኤክስፖነንቷ 3ቷን እንደነካች አላየም፣ 9ሀ¹² ያለው 3 × 3 አድርጓል፣ 27ሀ⁷ ያለው 4 እና 3ን ደምሯል፣ 27ሀ⁶⁴ ያለው 4ን በ3 ፓወር አውጥቷል። አራት የስህተት ክምር።